የአባዬ ቮልስ ፍሬንና የሶማሌ ተራ ውሎዬ

ዘንድሮ ከቨርጂኒያ ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ገብቼ ነበር። አንዱ ሳምንት ያለቀው በአባዬ ቮልስ ፍሬን ነው። የ1966 የፈረንጅ ሞዴል ናት። በስልክ «ፍሬኗ ትንሽ ሰነፍ ብላለች» ብሎኝ ነበር። ግቢ ውስጥ ሞተሯን አስነስቼ ፍሬኑን ስረግጥ ፔዳሉ ወለል ነካ። ሰነፍ ብቻ?! የኋላ ግራ ጎማዋ በውስጥ በኩል በፍሬን ዘይት ርሷል። የዚያ ዘመን ቮልስ የፍሬን መስመሯ አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ አብሮ ይደክማል።

የሰፈራችን ጋራዥ ታፔላ እንኳ የለውም። የኋላውን ታምቡር፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን የፍሬን ከበሮ፣ የያዘው ዳዶ በ36 ቁልፍ ነው የሚፈታው። አንዱ ልጅ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ ቆመበት። ንቅንቅ የለም። ሁለተኛው ተጨመረና አብረው ሲዘሉ «ቋ!» ብሎ ለቀቀ። አባዬ ከወንበሩ ሆኖ «ቀስ በሉ እንጂ፣ ልጆች» ይላል። ሲከፈት ታምቡሩን ይዞ የሚያቆመው ሸራ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ሸራውን የሚገፋው ሲሊንደርም ዝጓል። ዋናው መካኒክ «ናሙናውን ይዘህ ሶማሌ ተራ ሂድ» አሉኝ፤ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሰፈር። እኔ ግን እጄ እንዳይቆሽሽ ብዬ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ሄድኩ። የዲያስፖራ ብልጠት!

የመጀመሪያው ሱቅ ፎቶውን እንኳ በደንብ ሳያይ «ይሄ ነው፣ ብራዘር» ብሎ በካርቶን የታሸገ ሲሊንደር ሰጠኝ። ዋጋውን በግማሽ አስቀንሼ ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ጋራዥ ሲደርስ አልገጠመም። የቮልስ የኋላ ሲሊንደር እንደ ሞዴሉ ይለያያል። መካኒኩ ከፍተው ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎሚኒም አሳዩኝ። በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። ካርቶን ውስጥ ዕድሜውን ጨርሷል። ጎማ ነገር ባይሠራበትም ያረጃል ለካ። ልመልስ ብሄድ «የተሸጠ አይመለስም» ተባልኩ። ደረሰኝም አልተቀበልኩም ነበር፤ ምን ልበል?

በማግስቱ አሮጌውን ሲሊንደር በላስቲክ ቋጥሬ ተመለስኩ። ወደ ውስጥ ገባ ያለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ሞዴሏን ለመለየት መጀመሪያ የጠየቁኝ «ጎማዋ ባለ አምስት ብሎን ናት ባለ አራት?» ብለው ነው። አምስት አልኳቸው። አሮጌውን በጨርቅ ጠርገው በካሊፐር ለኩት። ከዚያ ከላይኛው መደርደሪያ የብራዚል ሥራ አወረዱ። እሱንም ለኩት። ጎሚኒውን አውጥተው በጣታቸው አጥፈው ሲመለስ ካዩ በኋላ ነው የሰጡኝ። የነገሩኝን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ጭምር።

ሸራውን ግን አልገዛሁም። አሮጌውን ልጠው አዲስ ሸራ በሪቬት የሚመቱ ባለሙያዎች አሉ። ከጠቅላላው ጉዞዬ ምርጡ አገልግሎት ይሄ ነው፤ ከሆቴልም ከአውሮፕላንም በላይ። ሸራውን የሚመታው ልጅ እያንዳንዱን ሪቬት ከመታ በኋላ አውራ ጣቱን ያሳልፍበታል። የሪቬቱ ጭንቅላት ከሸራው በላይ ከወጣ ታምቡሩን ይቧጭራልና። አንዷን አልወደዳትም፤ አውጥቶ ደገማት። ልጠጣው ያዘዝኩት ማኪያቶ ቀዘቀዘ።

ከፍሬን መስመሩ አየር ሲወጣ ከፔዳሉ ከሚርቀው ከኋላ ቀኝ ተጀመረ። እኔ «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» እየተባልኩ እግሬ ዛለ። ከዚያ ፔዳሉ ከግማሽ በላይ ላይ ቆመ። አባዬ መሪውን ለማንም አልሰጥ ብሎ እስከ ቤታችን ራሱ ነዳ።

የተመለስኩ ቀን ሻንጣዬን ስዘጋ ከበርበሬው ጎን በጋዜጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አገኘሁ። ያ አሮጌው ሲሊንደር ነው።

«ምንድን ነው ይሄ፣ አባዬ?»

«ናሙና።»