ብሪንግ ኤ ትሬለር፦ የአሮጌ መኪና ጨረታ እና የተጫራቾቹ ዕድሜ

ብሪንግ ኤ ትሬለር የተባለው የአሜሪካ የመኪና ጨረታ ድረ ገጽ ስሙን ያገኘው ከድሮ የሽያጭ ማስታወቂያዎች ነው። የማይነሳ መኪና የሚሸጥ ሰው «ተሳቢ ይዘህ ና» ብሎ ይጽፍ ነበር፤ መኪናው በራሱ ሞተር ከግቢ እንደማይወጣ ገዢው አስቀድሞ እንዲያውቀው። ድረ ገጹ እ.ኤ.አ. በ2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲጀመር ከየቦታው የተለቀሙ የመኪና ማስታወቂያዎችን ከመጠቆም ያለፈ ሥራ አልነበረውም፤ የራሱን ጨረታ ማካሄድ የጀመረው በ2014 ሲሆን፣ በ2020 ኸርስት የተባለው የመገናኛ ብዙኃን ኩባንያ ገዝቶታል። በ2022 ብቻ በገጹ የተካሄደው ሽያጭ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የምኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ጨረታዎቹን ማታ ማታ ስከታተል ቆይቼ አንድ ጊዜ ራሴም ተጫርቻለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሻጩ ፎቶግራፍና ሰነድ ያቀርባል፤ የገጹ ባልደረቦች መርጠው ከተቀበሉት መግለጫውን አዘጋጅተው ያወጡታል፤ ጨረታውም ብዙውን ጊዜ ለሰባት ቀን ክፍት ሆኖ ይቆያል። ለአንድ መኪና ከመቶ በላይ ፎቶግራፍ ማየት የተለመደ ነው፤ ከሥር ሻንሲው፣ ከላይ ጣሪያው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ጠዋት ሲነሳ የሚያሳይ ቪዲዮ ሳይቀር ይቀርባል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ማንም ዋጋ ከጨመረ ሰዓቱ እንደገና ወደ ሁለት ደቂቃ ይመለሳል፤ ስለዚህ በሌላው ጨረታ እንደሚደረገው በመጨረሻዋ ሰከንድ ዘው ብሎ መንጠቅ አይቻልም። አሸናፊው ከመኪናው ዋጋ በላይ 5 በመቶ ለገጹ ይከፍላል።

ከሁሉም ይልቅ የወደድኩት ከእያንዳንዱ መኪና ማስታወቂያ ሥር በጽሑፍ የሚካሄደውን ክርክር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ገዝቶ የሚያውቅ ሰው፣ ደላላው ከሻጭ ጆሮ ወደ ገዢ ጆሮ እያመላለሰ የሚያሾካሽከውን ነገር ያስታውሳል። እዚህ ያ ሁሉ ሹክሹክታ በአደባባይ ይጻፋል። አንዱ የኮፈኑ ብየዳ የፋብሪካ አይመስልም ይላል፣ ሌላው የወንበሩ ጨርቅ የዚያ ዓመት እንዳልሆነ ያስረዳል፣ ሻጩም በሁሉ ፊት መልስ ይሰጣል። መልስ ያልሰጠ ሻጭ ዝምታው ራሱ ዋጋ ይቀንስበታል። እንዲህ ያለው እውቀት ቀድሞ በጥቂት ነጋዴዎችና በክበብ አባላት ዘንድ ተዘግቶ የሚኖር ስለነበር፣ ወጣቶች ወደዚህ ገበያ በብዛት የገቡበትን አንድ ትልቅ ምክንያት እዚህ አገኘሁት።

ገጹ ያለቀውን ጨረታ ሁሉ፣ ሻጩ «ከዚህ በታች አልሸጥም» ብሎ በያዘው ዋጋ ምክንያት ሳይሸጥ የቀረውንም ጨምሮ፣ ለማንም ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል። ይህን መዝገብ ለጥቂት ወራት ያገላበጠ ሰው የመኪኖቹን ዋጋ የሚተምነው የተጫራቾቹ የልጅነት ዘመን መሆኑን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት በ1931 የተሠራ ፎርድ ሞዴል ኤ አላቸው። በእሳቸው ወጣትነት እንዲህ ያለው መኪና በጥቂት ዶላር ተገዝቶ በጓሮ የሚፈታና የሚገጠም የጎረምሳ መማሪያ ነበር፤ ዛሬ ልጆቻቸው «ጋራዡን ይዞብናል» ከማለት ሌላ የሚሉት ነገር የላቸውም። አንድ ቀን አስነድተውኛል። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር፣ በገመድ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ ፍሬን፣ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ካልረገጡለት የሚያንጓጓ ካምቢዮ፣ ከመሪው ሥር ደግሞ ሻማው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ በእጅ የሚያስተካክሉበት ዘንግ አለው። ፈጣን መንገድ ላይ ይዞት መውጣት ያስፈራል። ፎርድ ከዚህ ሞዴል ከ4 ሚሊዮን በላይ ስለሠራ ብርቅ አይደለም፤ አያያዙን የሚያውቁትና የሚናፍቁት ሰዎች ግን በየዓመቱ ይቀንሳሉ። ብዙ ሻጭና ጥቂት ፈላጊ ሲገናኙ ደግሞ ዋጋው የት እንደሚሄድ የታወቀ ነው።

በሌላው ጫፍ ኒሳን ስካይላይን ጂቲ አር አለ። ይህ መኪና በአሜሪካ በይፋ ተሸጦ አያውቅም፤ በ1997 ለፕሌይስቴሽን በወጣው የግራን ቱሪስሞ ጨዋታ ግን አንድ ሙሉ ትውልድ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ነድቶታል። በአሜሪካ ሕግ ከተሠራ 25 ዓመት የሞላው መኪና የአገሪቱን የደኅንነት መመዘኛ ሳያሟላ ሊገባ ስለሚችል፣ በ1989 የጀመረው አር 32 የተባለው የስካይላይን ዓይነት በ2014፣ በ1999 የጀመረው አር 34 ደግሞ በ2024 በሩ ተከፈተላቸው። ሕጉ ያስቀመጠው 25 ዓመትና የአንድ ልጅ አድጎ ገንዘብ የሚይዝበት ጊዜ እንዲህ መገጣጠማቸው ያስደንቀኛል። በ2001 በወጣ ፊልም ላይ የተነዳ አንድ የ1994 ቶዮታ ሱፕራ በ2021 ባሬት ጃክሰን በተባለው ሌላ ጨረታ በ550 ሺህ ዶላር ሲሸጥ፣ ቶዮታን የታክሲና የዕቃ መጫኛ ስም አድርገን ላደግን ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነበር።

ይህ የልጅነት ናፍቆት የማይነካው የገበያው ጣሪያ ብቻ ነው። በ2022 በ135 ሚሊዮን ዩሮ የተሸጠው መርሴዲስ 300 ኤስ ኤል አር፣ ወይም በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ 51.7 ሚሊዮን ዶላር ያወጣው ፌራሪ 250 ጂቲኦ እንደ ታላቅ ሥዕል የሚገዙ ናቸው፤ የማንም ልጅነት አያስፈልጋቸውም። የትውልድ ለውጡ የሚጎዳው ከዚያ በታች ያለውን፣ ጥሩ ሆኖ ብርቅ ያልሆነውን አሮጌ መኪና ነው።

በስካይላይን ገዢዎች ስስቅ የቆየሁት እኔ፣ አንድ ማታ ኤፍጄ 60 የተባለውን የ1980ዎቹ ላንድ ክሩዘር ሳይ ሳቄ ቆመ። በእኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ደሴ ውስጥ ልጅ ነበርኩ፤ የእርዳታ ድርጅቶቹ ነጫጭ ላንድ ክሩዘሮች አቧራ ለብሰው ሲገቡ ከኋላቸው እየሮጥን ፖርቶመጋላቸው ላይ የታሰረውን ጎማ እንቆጥር ነበር። ለጨረታው ከ27 ሺህ ዶላር አላልፍም ብዬ ወረቀት ላይ ጽፌ ተቀመጥኩ። ያ የሁለት ደቂቃ ሰዓት አምስት ጊዜ ወደ ኋላ ሲመለስ እጄ 29 ሺህ ላይ ደርሶ ነበር፤ ባሸንፍ ኖሮ ለገጹ ብቻ 1,450 ዶላር እጨምር እንደነበር ያሰብኩት ሌላ ሰው በልጦኝ ኮምፒውተሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። አራት ማርሽ ብቻ ያለውና ዳገት ላይ የሚያቃስት መኪና ይህን ያህል ያወጣል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር በቂ መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ የአገልግሎቱ የመጀመሪያው ጉድለት ለእኔ ይህ ነው፤ ሰዓቱም፣ በየደቂቃው የሚጻፈው አድናቆትም ሰውን ከልኩ ያሳልፋሉ። ሁለተኛው ከፎቶግራፍ ጋር የተያያዘ ነው፤ አዲስ ቀለም ሥር ያለ ስቱኮ በሥዕል አይታወቅም። ከዚህ ገጽ ጋር ግንኙነት በሌለው ሌላ ግዢ፣ አንድ ጋራዥ «ዝገት የለበትም» ብሎ ያስረከበኝን መኪና ላሜራ ማግኔት ሳስጠጋበት ማግኔቱ አልያዘም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፎቶግራፍ ቢበዛ እንኳ ሰው ሳይልኩ መግዛት አልመክርም። ክፍያውንና ማጓጓዙን ሻጭና ገዢ እርስ በርስ የሚጨርሱት መሆኑም ሩቅ ግዛት ላለ ገዢ ሸክም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ መኪኖች ደግሞ እዚህ ብዙ ጠያቂ የላቸውም፤ ከሥራቸው የሚጻፈው አስተያየት ጥቂት ስለሆነ የገጹ ትልቁ ጥቅም ለእነሱ አይደርስም። ጎረቤቴ ፎርዳቸውን እዚህ ሊያወጡ ሲያማክሩኝ፣ መጀመሪያ የሞዴል ኤ ባለቤቶችን ክበብ እንዲጠይቁ የነገርኳቸው ለዚህ ነው።

ከ1980 እስከ 2005 ባለው ጊዜ የተሠራ፣ ሰነዱ የተሟላና ቀለሙ ያልተነካ መኪና የሚሸጥ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ አደባባይ የሚያገኝ አይመስለኝም፤ ካምቢዮው ማንዋል ከሆነ ደግሞ ተፈላጊነቱ ይጨምራል። ገዢ የሆነ ሰው አምስት በመቶውን ቀንሶ ልኩን ይጻፍ፣ የሻንሲውን ፎቶግራፍ ካላየ ይጠይቅ፣ የመጨረሻውን ሰዓት ደግሞ ብቻውን ሆኖ አይከታተል። እኔ በሚቀጥለው ባለቤቴን አጠገቤ አስቀምጣለሁ፤ እሷ ያደገችው አዳማ ነው፣ ላንድ ክሩዘር ምንም አያስታውሳትም።