ማይፋይ ወይስ ባለ ሲም ራውተር፤ ለድሬ ሰው የቱ ያዋጣል?

«ቪዲዮ ኮል እያወራሁ ከግቢ ስወጣ ይቆረጣል፣ ማይፋይ ልግዛ?» ጥያቄው ከከዚራ እስከ ሳቢያን አንድ ነው። መልሱም አንድ ነው፦ ማይፋይ፣ ማለትም ሲም የሚገባበትን በባትሪ የሚሠራ የኪስ ዋይፋይ፣ አትግዙ። ብር ማውጣት ግድ ከሆነ የኬብል መግቢያ ባለው ባለ ሲም ራውተር ላይ ይውጣ። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ግን ሁለቱንም ሳይገዙ ከችግሩ ይወጣሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ምንም የማያስከፍለውን እንይ።

ስልኩ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ሲዞር የአይፒ አድራሻው፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ይቀየራል። ቲሲፒ የሚባለው አሠራር አንድን ግንኙነት የሚለየው በሁለቱ ጫፎች አይፒና ፖርት ነው፤ አንዱ ከተቀየረ የቀድሞው መስመር አበቃለት፣ አፑ እንደ አዲስ መገናኘት አለበት። ይህን የሚያልፉ ዘዴዎች ወጥተዋል። መልቲፓዝ ቲሲፒ አንዱን ግንኙነት በዋይፋይም በሞባይል ዳታም ያስኬዳል፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 አይኦኤስ 7 ላይ ለሲሪ ተጠቅሞበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 መደበኛ ሆኖ የወጣው ኩዊክ ደግሞ ግንኙነቱን በራሱ መለያ ቁጥር ስለሚያውቀው አድራሻ ቢቀየርም መቀጠል ይችላል። ሁለቱም የሚሠሩት አፑና ሰርቨሩ ከደገፏቸው ብቻ ነው። ሣጥን ላይ «ሲምለስ» (ያለ መቋረጥ) ተብሎ ስለተጻፈ አይመጡም፤ ለዚያ ጽሑፍ አምስት ሳንቲም አትጨምሩ። የዋይፋይ ጥሪ የሚባለውም እንዲሁ ነው፦ የሲሙ ድርጅት ካልከፈተው የትኛውም ዕቃ አያመጣውም።

የሚያናድደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መዞሩ ሳይሆን አለመዞሩ ነው። ስልክ የያዘውን ዋይፋይ ቶሎ አይለቅም። የቆርቆሮ አጥርና የብረት በር ሲግናሉን በልተውት ከ-80 ዲቢኤም (የሲግናል መለኪያ) በታች ከወረደ በኋላም አንዲቷን መስመር ይዞ ይንጠለጠላል፤ ምስሉ ደርቆ የሚቀረው ያኔ ነው። ሳምሰንግ ላይ ሴቲንግስ፣ ኮኔክሽንስ፣ ዋይፋይ፣ ሦስቱ ነጥቦች፣ ኢንተለጀንት ዋይፋይ ገብታችሁ «ስዊች ቱ ሞባይል ዳታ»ን አብሩ። አይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ ሴሉላር፣ ከዚያ እስከ ታች ወርዳችሁ «ዋይፋይ አሲስት»። አንድሮይድ ላይ በዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ ያለው «ሞባይል ዳታ ኦልዌይስ አክቲቭ» መጥፋት የለበትም፤ ዋይፋይ እያለም የሞባይሉን መስመር ክፍት ስለሚያቆይ መዞሩን ያፈጥናል፣ በምትኩ ትንሽ ባትሪ ይበላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን በሩ ጋ ሳትደርሱ ዋይፋዩን በእጅ ማጥፋት ነው። ጥቂት ሰከንድ ተቋርጦ ይመለሳል።

አውቶማቲኩ የሚያስከፍለው ፓኬጅ ነው። ስልኩ ዋይፋዩ ደከመ ባለ ቁጥር ሳይነግራችሁ ከሲም ይጠጣል። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይጨርሳል፤ 2.5 ሜጋቢት የሚወስደው 1,125። ዋይፋይ በደንብ የማይደርስበት ክፍል ጋደም ብሎ ቪዲዮ የሚያይ ሰው በ2.5ቱ የ1 ጊጋ ፓኬጁ አንድ ሰዓት አይሞላለትም።

ወደ ማይፋይ እንምጣ። ሻጩ የሚለው «ኪስህ ውስጥ ነው፣ መዞር የሚባል ነገር የለም» ነው። ይህ እውነት የሚሆነው ቤትም ሱቅም ሌላ ዋይፋይ ካልነካችሁ ብቻ ነው፤ ማለትም የቤቱን ፋይበር እየከፈላችሁ ከሲም ስትጠጡ። ወደ ቤቱ ዋይፋይ ካለፋችሁ ያው መዞር ነው፣ መቆረጡም ያው። አንዳንዱ ብልሃት መስሎት ለማይፋዩና ለቤቱ ራውተር አንድ ስምና አንድ ፓስወርድ ይሰጣቸዋል። ስልኩም አንድ ኔትወርክ መስሎት ሲዘል የድሮውን አይፒ እንደያዘ ሊቀር ይችላል፦ ዋይፋይ በርቷል፣ ኢንተርኔት የለም። በዚያ ላይ ስልክ ማይፋይን እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ስለሚያየው አፕዴቱንና የፎቶ ባክአፑን ሁሉ ይለቅበታል። አንድሮይድ ላይ ያንን ዋይፋይ «ሜተርድ» (ዳታው የሚቆጠር)፣ አይፎን ላይ «ሎው ዳታ ሞድ» ሳያደርጉ ፓኬጄ ተሰረቀ ማለት አይቻልም።

ከዚያ የድሬ ሙቀት አለ። አብዛኛው የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ እንዲደረግ አልተሠራም፤ በግንቦት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ደግሞ ያንን በቀላሉ ያልፋል። ባትሪው አብጦ የኋላ ክዳኑን ያነሳዋል። ያበጠ ባትሪ አይጫኑት፣ አይብሱት፤ ያስወግዱት። ሰው እንደገና የሚሸወደው መቀየሪያውን ሲገዛ ነው፦ በመጠንም በውፍረትም ከዋናው 1,500 ሚሊአምፒር ባትሪ ጋር አንድ የሆነ ባትሪ ላይ 3,000 ሚሊአምፒር ተብሎ ይለጠፋል። ያው ውፍረት እጥፍ አይዝም።

ራውተሩ ከኪስ አይገባም፣ ግን የብዙ ቤትና ሱቅ እውነተኛ ችግር ከበር መውጣት ሳይሆን ቁጭ ባሉበት ፋይበሩ መሄዱ ነው። የኬብል መግቢያ ያለው ባለ ሲም ራውተር ፋይበሩ ሲሄድ ራሱ ወደ ሲሙ ይዞራል። ስልኩ ከያዘው ዋይፋይ አይነቃነቅም፣ የውስጥ አይፒውም አይቀየርም። በውጭ በኩል ያለው አድራሻ ስለሚቀየር ኮሉ ለጥቂት ሰከንድ መንገዳገዱ አይቀርም፤ ማንም «አንድ ሰከንድ አይቋረጥም» ካለ እየዋሸ ነው። ሲሙ ከፋይበሩ የተለየ ድርጅት ይሁን፣ አለዚያ አንድ ብልሽት ሁለቱንም ይወስዳቸዋል። ድሬ ለዚህ አልታደለችም አይባልም፦ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተው ነሐሴ 2014 ዓ.ም. እዚሁ ነው።

አሁን ዋጋ። ማይፋዩን 4,000፣ ራውተሩን 7,500 ብር ጠሩላችሁ እንበል። ሦስት ዓመት አስቡት። ማይፋዩ ሁለት ባትሪ በ900 ከበላ 5,800 ደረሰ፤ የቻርጅ መሰኪያው ላልቶ አንዴ ከተበየደ፣ ከዚያም ከሞተና ሌላ ከተገዛ 10,000 ሊያልፍ ነው። ራውተሩ ላይ የ3,000 ብር ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያሠራ ባትሪ) ብትጨምሩ 10,500፣ በዓመት 3,500። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ለዚያውም ራውተሩ ቤተሰቡን በሙሉ ይዞ፣ ፋይበሩ በሰላም ባለበት ቀን ከሲም ብዙም ሳይጠጣ።

እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ላይ ዋጋው ድንገት ከወረደ ምክንያቱን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ለአንድ ኩባንያ ሎክ የተደረገ ነው፤ ማስከፈቻውን ዋጋው ላይ ደምሩት። ወይም ለአሜሪካ የተሠራ ነው፦ ጀርባው ላይ ባንድ (የሚቀበለው የሞገድ ክልል) 2፣ 4፣ 12፣ 13፣ 66 ብቻ ከተጻፈ ተዉት፤ ባንድ 3 ማለትም 1800 ሜጋኸርዝ መኖሩን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። አንቴናውን ፈትታችሁ አውጡና በራውተሩ ገጽ ላይ የአርኤስአርፒ ቁጥሩን (የሲሙን ሲግናል ጥንካሬ የሚለካውን) ተመልከቱ። -85 የነበረው ወደ -100 ከወረደ አንቴናው እውነት ነው፤ ንቅንቅ ካላለ የተሰካው ፕላስቲክ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ፈተና ግን ሌላ ነው። ሲም አስገቡ፣ ከፋይበሩ ሞደም የሚመጣውን ኬብል ሰኩ፣ ስልክ ላይ የጉግልን 8.8.8.8 ፒንግ አድርጉ፣ ማለትም መልስ ይሰጥ እንደሆነ ደጋግማችሁ ጠይቁ። ኬብሉን ከራውተሩ ብትነቅሉት ማንኛውም ራውተር ይዞራል፤ ይህ ፈተና አይባልም። ኬብሉ እንደተሰካ ይቆይና የፋይበሩን ክር ከፋይበሩ ሞደም ንቀሉ። ርካሹ ራውተር የኬብሉ መብራት ስላልጠፋ ኢንተርኔት ያለ ይመስለዋል፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ደህናው ራሱ ወደ ውጭ ፒንግ እያደረገ ስለሚያጣራ ይዞራል። ማይክሮቲክ በሚባለው ራውተር ላይ «ቼክ ጌትዌይ» የሚባለው ማጣሪያ በየ10 ሰከንዱ ይጠይቃል፣ ሁለት ጊዜ መልስ ካጣ መስመሩን ይጥለዋል፤ 20 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። የሚጠየቀው ግን ቅርቡ ሞደም ሳይሆን ውጭ ያለ አድራሻ ይሁን፣ አለዚያ ያው ነው።

መብራት ሲጠፋ የፋይበሩ ሞደምም ራውተሩም ዩፒኤስ ላይ ካልሆኑ የገዛችሁት ሁሉ ከንቱ ነው። ሚኒ ዩፒኤሱ ላይ 10,000 ሚሊአምፒር የሚለው በ3.7 ቮልት ስለሚቆጠር 37 ዋት ሰዓት ነው። በመለወጥ የሚባክነው ሲቀነስ 31 ገደማ ይቀራል፤ ሁለቱ ተደምረው 10 ዋት ከወሰዱ ሦስት ሰዓት። ውስጡ ያለው ሲሊንደር ባትሪ ላይ 9,900 ከተጻፈ ውሸት ነው፤ 18650 የሚባለው የዚህ ሲሊንደር ምርጡ እንኳ ከ3,500 አካባቢ አያልፍም፣ ክብደቱም 45 ግራም ገደማ ነው። ሚዛን ላይ 30 ግራም ካለ መልሱት። አንዳንድ ራውተር 9 ቮልት፣ አንዳንዱ 12 ነው፤ መሰኪያው አንድ ዓይነት ስለሆነ 12ቱን 9ኙ ላይ ሰክቶ ያቃጠለ ጥቂት አይደለም። 2.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው መሰኪያ 2.1ዱ ላይ ላላ ብሎ ይቀመጣል፣ የ2.1ዱ ደግሞ 2.5ቱ ላይ ጭራሽ አይገባም፤ «ራውተሩ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል» የሚባለው ግማሹ ከዚህ ነው።

ሱቁ የሚፈልገው ቴሌብር መቀበል ብቻ ከሆነ ግን ምንም አትግዙ፤ *127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ላላችሁ፦ ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ የሲሙንም የዋይፋዩንም ሲግናል ስለሚይዘው ራውተሩን ምድር ቤት አታስቀምጡት። ፎቅ ላይ፣ ወደ ግቢው በሚከፈተው መስኮት አጠገብ ይሁን። ስልክ ላይ ሲሙን ከታችሁ የአርኤስአርፒ ቁጥሩን ክፍል በክፍል እየዞራችሁ አንብቡ፤ ከ-110 በታች የወረደበት ቦታ ላይ የትኛውም ራውተር ተአምር አይሠራም።

ማይፋይ የሚያስፈልገው ሰው ማነው ከተባለ ከድሬ በደንገጎ ሽቅብ ሐረር የሚመላለስ፣ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ሰው ነው። እሱም ቢሆን ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ፎርጂ ስልክ ቤት ውስጥ ካለው ሲሙን እዚያ ላይ ከትቶ ሆትስፖት ይክፈት።