ጾመኛ እንግዳ ይዛችሁ የት ትሄዳላችሁ? እኛ ኤደን ሴንተር ሄድን

ታኅሣሥ ላይ ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ሲመጣ ደስ ይላል። ግን ጣጣ አለው። ልጆቹ ትምህርት ተዘግቶላቸው፣ ዋሽንግተን በመብራት አሸብርቆ፣ ሁሉም ውጪ እንብላ ሲል እንግዳው ጾም ላይ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። የፈረንጆቹ ገና ደግሞ ታኅሣሥ 16 ላይ ነው የሚውለው።

ዘንድሮ የመጡት አክስቴ ናቸው። እኛ ቤት እትዬ ነው የምንላቸው። በጾም ነገር ቀልድ አያውቁም፣ ዓሣም አይነኩም። ዋይት ሐውስ አጠገብ የሚቆመውን የገና ዛፍ አይተን የገባንበት ቤት «የአትክልት ሾርባ» ብሎ ያመጣው በዶሮ መረቅ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። እትዬ ማንኪያውን አስቀመጡ። «እኔ ምን ቸገረኝ፣ እናንተ ብሉ» አሉ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ማን ይበላል?

በሌላ ቀን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ወሰድናቸው። መግቢያው ነፃ ነው። እትዬ ከዳይኖሰሮቹ ይልቅ የወደዱት አግዳሚ ወንበሩን ነው። ከዚያ ወደ ቨርጂኒያ፣ ፎልስ ቸርች ነዳን።

ኤደን ሴንተር ከ120 በላይ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ያሉበት የቬትናሞች ገበያ ነው። የሰዓት ማማው የሳይጎኑን የቤን ታን ገበያ አስመስሎ የተሠራ ነው። የቀድሞዋ ደቡብ ቬትናም ባንዲራ ዛሬም እዚያ ይውለበለባል። የባንዲራ ነገር እኛንም ስለሚያውቀን ዝም ብለን አለፍን።

እዚህ ለጾመኛ የሚሆነው ምግብ «ቻይ» ይባላል። ቡድሂስት ቬትናሞች በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ከሥጋ ስለሚታቀቡ፣ ሥጋም ዓሣም የሌለው ምግብ አሠራር ተክነውበታል። ዝም ብላችሁ አትክልት ብትሉ የዓሣ ሶስ ሊገባበት ይችላል፤ ቻይ በሉ። እንቁላልና ወተቱን ግን ለይታችሁ ጠይቁ።

የገባንበት ጠባብ፣ ጫጫታ የበዛበት ቤት ነው። ባን ሴዎ በቻይ አዘዝን። ከሩዝ ዱቄትና ከኮኮናት ወተት የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው፤ ውስጡ እንጉዳይ፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ነገር) እና የማሾ ቡቃያ አለው። እትዬ ቢጫነቱን ሲያዩ «እንቁላል!» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። አስተናጋጇ ስልኳን አውጥታ የእርድ ሥር ፎቶ አሳየቻቸው። እዚያው ታረቁ።

ምግቡ በሰላጣ ቅጠል እየተጠቀለለ በእጅ ነው የሚበላው። ከጎኑ የመጣውን ቅጠላ ቅጠል እትዬ አንድ በአንድ በመዳፋቸው እያሹ አሸተቱት። «ይሄ ናና። ይሄ የድንብላል ቅጠል። ይሄ… በሶብላ! እርጥቡን ነው እንዴ የሚበሉት?» ከዚያ በኋላ ቾፕስቲኩን ዞር ብሎ ያየው የለም። ቤት ውስጥ አረንጓዴ ነገር አፏ የማታስገባውን ልጄን እየጠቀለሉ አጎረሷት፤ እሷም ዋጥ! ጫፉ ኩርሽም ኩርሽም ይላል። ለዚህ ብቻ ተመልሼ እሄዳለሁ።

ቶፉ በጠጅ ሳርና በቃሪያ ተጠብሶ መጣ። ጠጅ ሳሩ ደቅቆ፣ ጠርዙ ጠቆር እስኪል ታምሷል፤ ሽታው ቀድሞ ይደርሳል። ያቃጥላል ቢሉንም ለሐበሻ ምላስ ልል ነው። ፎ የሚባለውን የሩዝ ኑድል ሾርባ ግን በጾም አልመክርም። የፎ ጉልበቱ የበሬ አጥንቱ ነው፣ ያለ እሱ ጣፋጭ ውኃ ሆኖብኛል። በሩዝ ወረቀት የተጠቀለለውንም እትዬ «ላስቲክ» ብለው ገፉት።

ቡናው ብርጭቆ ላይ ከተቀመጠች ትንሽ ማጥለያ ጠብ፣ ጠብ እያለ ይወርዳል። የተለመደው በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ስለሆነ ጾመኛ ጥቁሩን ይዘዝ። ቬትናም በቡና ምርት ከዓለም 2ኛ ናት፣ አብዛኛው ሮቡስታ የሚባለው የቡና ዓይነት ነው፤ ይመራል። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው «ብዛት ምን ያደርጋል?» ብለው ሒሳብ እንዲመጣ አጣደፉን።

ሒሳቡ አይጎዳም። ጥሬ ገንዘብ ግን ያዙ፣ ካርድ የማይቀበሉ ቤቶች አሉ። ቅዳሜና እሑድ መኪና ማቆሚያው ጦርነት ነው። እኛን ያዳነን እትዬ እስከ 9 ሰዓት መጾማቸው ነው፤ ስንደርስ የምሳው ሰው ወጥቶ አልቋል።