ማቆያ ሐዲድና የፔኮ «ኢንሱልፍሮግ» ማዞሪያ

በቤቱ የሞዴል ባቡር ሐዲድ የዘረጋ ሰው ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ በገዛ ዕለት አንድ ችግር ይገጥመዋል። በተለመደው የ12 ቮልት ዲሲ አሠራር ኤሌክትሪኩ የሚሰጠው ለሐዲዱ ስለሆነ፣ የመቆጣጠሪያው እጀታ ሲዞር በሐዲዱ ላይ የቆመው ሎኮሞቲቭ ሁሉ አብሮ ይነሣል። አንዱን ለማሳረፍ የሚቆምበትን ሐዲድ ኤሌክትሪክ ለብቻው ማቋረጥ የግድ ነው። ለዚህ ሥራ የመረጥኩት፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተውና ዛሬ በእንግሊዝ ዴቮን ውስጥ የሚገኘው ፔኮ የሚያመርተውን «ኢንሱልፍሮግ» የተባለ ማዞሪያ፣ ማለትም ባቡሩን ከአንድ ሐዲድ ወደ ሌላ የሚያሻግር መጋጠሚያ ነው። 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ሦስቱን ተክያለሁ፤ አንዱን ሎኮሞቲቭ በሚያርፍበት፣ ጫፉ በተዘጋ ማቆያ ሐዲድ መግቢያ ላይ፣ ሁለቱን ከዋናው መስመር ወጥቶ ተመልሶ በሚገናኝ ሐዲድ ሁለት ጫፎች ላይ።

ማዞሪያው ባቡሩን የሚመሩ ሁለት ተንቀሳቃሽ ምላሶች አሉት። ወደ ዋናው መስመር ሲዞር አንደኛው ምላስ ከጎኑ ካለው ቋሚ ሐዲድ ጋር ተጣብቆ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሌላኛው ግን ከአጠገቡ ሐዲድ ስለሚርቅ፣ ወደ ማቆያው የሚሄደው የውስጥ ሐዲድ ኤሌክትሪክ ያጣል። የውጭው ሐዲድ ኤሌክትሪክ ቢኖረውም ሞተር በአንድ ሐዲድ ብቻ ስለማይዞር በማቆያው ያለው ሎኮሞቲቭ ዝም ብሎ ይቆማል። የውስጥ ሐዲዶቹ የሚሻገሩበትን ቦታ እንግሊዞች «ፍሮግ»፣ ማለትም እንቁራሪት ይሉታል፤ በዚህ ምርት ይህ ቦታ ከፕላስቲክ ስለተሠራ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ተነካክተው ሾርት አያደርጉም። ጫፉ በተዘጋው ማቆያ ላይ አንድም ተጨማሪ ሽቦ ሳልዘረጋ የፈለግሁትን አግኝቻለሁ። መጠበቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ዋናው የኤሌክትሪክ ሽቦ ከምላሶቹ ፊት ባለው በኩል መግባት አለበት። ከማዞሪያው ወዲያ ማቆያውን በቀጥታ የሚመግብ ሽቦ ካለ ማዞሪያው የሚያቋርጠው ነገር አይኖርም።

ምላሶቹን በቦታቸው የሚይዘው ትንሽ ስፕሪንግ ጠንካራ ነው፤ በጣት ሲገፋ ቀጭ ብሎ ይቀመጣል። ይሁን እንጂ የማቆያው ኤሌክትሪክ በሙሉ በዚያ ጠባብ ንክኪ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን የተረዳሁት በራሴ ጥፋት ነው። ሐዲዱ የዛገ እንዲመስል ብዬ ጎኑን ቡናማ ቀለም ቀባሁት፤ ከዚያ በኋላ ማቆያው ጨርሶ አልሠራ ስላለ ግማሽ ቀን መቆጣጠሪያውን ስፈታና ስገጥም ዋልኩ። ጥፋቱ ግን ምላሱ በሚነካው ቦታ ላይ የደረቀው ቀለም ነበር፤ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ስጠርገው ተመለሰ። ፕላስቲኩ ፍሮግም ዋጋ ያስከፍላል፤ አራት ጎማ ብቻ ያላቸው አጫጭር ሎኮሞቲቮች በዝግታ ሲያልፉበት ኤሌክትሪክ አጥተው ሊቆሙ ይችላሉ። ረጃጅሞቹ አይቸገሩም።

ማዞሪያው ብቻውን የማይበቃው በአንድ ማቆያ ላይ ሁለት ሎኮሞቲቮች ሲቆሙ ነው፤ ማዞሪያው ወደ ማቆያው ሲዞር ሁለቱም ይነቃሉና። ለዚህ በሐዲዱ መጨረሻ ያለውን ክፍል ነጥዬ፣ በአንዱ ሐዲድ መጋጠሚያ ላይ የፔኮን ኤስኤል-11 የፕላስቲክ ማያያዣ አስገባሁና ሁለቱን ጫፎች በአንድ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል በሽቦ አገናኘኋቸው። ሌላኛው ሐዲድ እንዳለ ይቀጥላል፤ ሁለቱን መቁረጥ አያስፈልግም። ፕላስቲኩን በመጋዝ ከተቆረጠ ክፍተት የምመርጠው በበጋ ሙቀት ሐዲዱ ሲለጠጥ ክፍተቱ ሊገጥም ስለሚችል ነው። መጀመሪያ የነጠልኩት ክፍል 20 ሳንቲሜትር ብቻ ስለነበር፣ ከሎኮሞቲቩም ከኋላው ከሚጎተተው የከሰል ፉርጎም ኤሌክትሪክ የሚወስደው ትልቁ ባቡሬ የኋላ ጎማዎቹ ከመጋጠሚያው ውጭ ቀርተው ማብሪያው ጠፍቶም ይሄድ ነበር። ወደ 35 ሳንቲሜትር ሳሳድገው ተስተካከለ።

በሁለት ጫፍ በሚገናኘው ሐዲድ ላይ ግን ማዞሪያዎቹን እንደ ማቋረጫ መጠቀም አልወደድኩትም። ሐዲዱ የሚያርፈው ሁለቱም ማዞሪያዎች ወደ ዋናው መስመር ከዞሩ ብቻ ነው፤ አንዱ ከተረሳ ከዚያ በኩል ኤሌክትሪክ ይገባል፣ እኔ ደግሞ እረሳለሁ። ስለዚህ እዚያም ከአንዱ ሐዲድ ሁለት ጫፎች ላይ ፕላስቲክ አስገብቼ በመካከል ማብሪያ አኖርኩ።

ወደ ዲሲሲ፣ ማለትም ሎኮሞቲቮችን በዲጂታል ትእዛዝ ወደሚቆጣጠረው አሠራር ለመቀየር ለሚያስብ ሰው ደግሞ የዚህ ማዞሪያ ዋና ጥቅም ራሱ እንቅፋት ይሆንበታል፤ በዲሲሲ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ በራሱ ቁጥር ስለሚታዘዝ ማቆያው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ቢኖረው ይመረጣል፣ ሲቋረጥ ግን ድምፁም መብራቱም ይጠፋል። ሌላው የሞዴል ባቡር አምራች ሆርንቢ ለራሱ ማዞሪያዎች የሚሸጣቸው ትንንሽ የብረት መቆንጠጫዎች ዓይነት መፍትሔ፣ ወይም ማቆያውን በቀጥታ የሚመግቡ ሁለት ሽቦዎች መበየድ ይበቃል። በመጨረሻው ክፍል ላይ ያለውን ማብሪያ ግን ያኔም አልነቅለውም፤ ድምፅ ያለው ሎኮሞቲቭ ሌሊቱን ሙሉ እንዲያንጎራጉር አልፈልግምና።