ሚግ ማሽን ለቤት ሥራ፦ በጋዝ ወይስ ያለ ጋዝ?

በጋዝም ያለ ጋዝም የሚሠራውን ትንሹን ሚግ ማሽን (ሽቦ በራሱ እየገፋ የሚበይደውን፣ ጋዙ ብየዳውን ከአየር ለመከላከል ነው) ከመርካቶ ገዝቼ ግቢ ውስጥ እየሠራሁበት ነው። ብራንዱን ተዉት፣ የቻይና ነው፣ ግን ለዋጋው አሪፍ ነው።

ያለ ጋዝ የሚሠራው ሽቦ ውስጡ ዱቄት አለው፣ ሲቃጠል የራሱን ጋዝ ያወጣና ላዩን ስላግ (ጠንካራ ቅርፊት) ይለብሳል፣ ስለዚህ እንደ ኤሌክትሮዱ ቀጥቅጣችሁ በብረት ብሩሽ መጥረግ የግድ ነው። ጢሱም ፍንጣሪውም ብዙ ነው አልዋሽም። ግን ውጪ ለሚሠራ ሰው ወደር የለውም! አጥር፣ የግቢ በር፣ የመስኮት ግሪል ንፋስ እየነፈሰ ትበይዳላችሁ፣ በጋዙ ግን ትንሽ ንፋስ ከመጣ ጋዙን ይወስደውና ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ዝገቱን በደንብ ባትፈገፍጉትም ያለ ጋዙ የተሻለ ይታገሳል።

የጋዙ ደግሞ ስስ ላሜራ ላይ ነው የሚታየው፣ 1 ሚሊ ምናምን ሲሆን ያለ ጋዙ ቶሎ ይበሳዋል፣ በጋዝና በ0.6 ወይ 0.8 ሚሊ ሽቦ ግን ንፁህ ነው፣ ግራይንደር እንኳን ብዙም አይፈልግም። የመኪና ቦዲ የምትነካኩ ከሆነ ሌላ አታስቡ። ካርቦንዳይኦክሳይድ ብቻውን ይበቃል፣ 75 በመቶ አርጎን 25 በመቶ ካርቦንዳይኦክሳይድ ቅልቅል ካገኛችሁ ፍንጣሪው ይቀንሳል። በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ልቀቁ፣ ሲበዛም ጥሩ አይደለም አየር ይስባል። ችግሩ ሲሊንደሩ፣ ሬጉሌተሩ (የጋዝ መቆጣጠሪያው)፣ ማስሞላቱ፣ ተሸክሞ መመላለሱ... ለአንድ በር ያን ሁሉ ማን ይችላል? የዱቄቱ ሽቦ በኪሎ ይወደዳል ግን ሲሊንደር የለበትም።

ሻጮች የማይነግሯችሁ ነገር ፕላስና ማይነሱ ነው። ያለ ጋዝ ስትሠሩ ቶርቹ (ሽቦው የሚወጣበት እጀታ) ማይነስ ላይ፣ ግራውንዱ (የሚበየደውን ብረት የሚነክሰው ገመድ) ፕላስ ላይ፣ በጋዝ ሲሆን ተገላቢጦሽ። ካልቀየራችሁት ብየዳው ላዩ ላይ ይከመርና በደንብ አይዝም፣ ከዛ ሰው ማሽኑን ይሰድባል። ስለዚህ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍታችሁ ገመዶቹ የሚቀያየሩ መሆናቸውን እዩ፣ አንዳንዱ ርካሽ ያለ ጋዝ ብቻ እንዲሠራ የታሰረ ነው። ሽቦ የሚገፋው ጎማም ለዱቄቱ ሽቦ ጥርስ ያለው መሆን አለበት፣ ለስላሳው ያንሸራትተዋል፣ ብላችሁ ብታጠብቁት ደግሞ ሽቦው ይጨፈለቃል።

ዚንክ የተለበጠ ቱቦ ላይ በጣም ተጠንቀቁ! ጢሱ ማታ እንደ ጉንፋን ያተኩሳችኋል፣ ዚንኩን ፈግፍጋችሁ ሜዳ ላይ ሥሩ።

እኔ ለቤት ሥራ ያለ ጋዙን ነው የምመርጠው፣ ማሽኑ ግን ሁለቱንም የሚችል ይሁን፣ ላሜራ ሥራ ሲመጣ ሲሊንደር ትጨምራላችሁ። በዓመት አንዴ ወፍራም አንግል ብቻ የምትበይዱ ከሆነ ግን ሚግ አያስፈልጋችሁም፣ ትንሽ የኤሌክትሮድ ኢንቨርተር (በኤሌክትሮድ ብቻ የሚበይድ ቀላል ማሽን) ይበቃል። አዎ የዱቄቱን ሽቦ ክረምት ላይ ማሽኑ ላይ አትተዉት፣ እርጥበት ይዞ ይዝጋል፣ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ አስቀምጡ።