ቫሌንሲያ ላይ የትኛውን ትኬት ልቁረጥ?

የስፔኗን ከተማ የቫሌንሲያን ማራቶን በቲቪ ያየ ሰው ቦታውን ሳይሄድ ያውቀዋል። አማኔ በሪሶ በ2022 በ2:14:58፣ ሲሳይ ለማ በ2023 በ2:01:48 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሮጠው የጨረሱት ውሃ ላይ በተዘረጋው ሰማያዊ መንገድ ነው። አጠገቡ ያለው፣ የዓሣ ነባሪ አጽም የሚመስለው ነጭ ሕንፃ የሳይንስ ሙዚየሙ ነው። ግቢው በሙሉ «የጥበብና የሳይንስ ከተማ» ይባላል። የቆመው ድሮ የቱሪያ ወንዝ ይሄድበት በነበረው ቦይ ላይ ነው። የ1957ቱ ጎርፍ ከተማዋን ካጥለቀለቀ በኋላ ወንዙን በሌላ በኩል አዞሩት፤ አሮጌው መሄጃው መናፈሻ ሆነ።

ግቢውን መዞር በነፃ ነው። ሒሳቡ የሚመጣው ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ኦፔራ ቤቱን ልተወውና ቤተሰብ የሚያመነታባቸው ሦስቱ ናቸው፦ ኦሴያኖግራፊክ፣ የሳይንስ ሙዚየሙና ኤሚስፌሪክ የሚባለው ሲኒማ።

አንድ ብቻ ብንገዛ የቱን ካላችሁኝ፣ ኦሴያኖግራፊክ። ከሦስቱ ውዱ እሱ ነው፤ ግን ያወጣችሁት አይቆጫችሁም። በ2003 የተከፈተ የባሕር እንስሳት መኖሪያ ነው፤ 42 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይዟል። 70 ሜትር በሚረዝም የመስታወት ዋሻ ውስጥ ስትሄዱ ሻርኩ ከአናታችሁ በላይ ነጭ ሆዱን እያሳየ ያልፋል። ልጄ ግን ቀልቡን የጣለው ቤሉጋዎቹ ላይ ነበር። እነዚህ ነጭ ዓሣ ነባሪዎች አንገታቸውን ማዞር ይችላሉ። አንዱ መስታወቱ ጋ ቆሞ ጭንቅላቱን ዘወር አድርጎ ሲያየው፣ ልጁ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ «እማ፣ አየኝ!» ብሎ ጮኸ። በ2024 ከጦርነቱ የሸሹ ሁለት ቤሉጋዎች ከዩክሬኗ ካርኪቭ ወደዚህ መጥተዋል። ብቻ ግማሽ ቀን ያዙለት፤ በሁለት ሰዓት አያልቅም።

የሳይንስ ሙዚየሙ ሌላ ነገር ነው። መፈክሩ «አለመንካት ክልክል ነው» ይላል፤ ለሚነካካ ልጅ ከዚህ በላይ ግብዣ የለም። 34 ሜትር ገመድ ላይ የተንጠለጠለው ፔንዱለም ምድር መዞሯን ዓይናችሁ እያየ ያስረዳል። እውነቱን ለመናገር ግን ሕንፃው ከውስጡ ይበልጣል። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የሆነ ልጅ ካላችሁ ግቡ። ትልልቆች ብቻ ከሆናችሁ ከውጭ አይታችሁ እለፉ። ነዳፊው የከተማዋ ልጅ ሳንቲያጎ ካላትራቫ ነው፤ የሕንፃው ትልቁ ነገር ደግሞ ከውጭ የሚታየው ነው።

ኤሚስፌሪክ በ1998 ከሁሉም ቀድሞ የተከፈተ፣ የዓይን ቅርጽ ያለው ሲኒማ ነው። ጣሪያውን የሚሸፍነው ስክሪን 900 ካሬ ሜትር ነው። ፊልሙን ጋደም ብላችሁ ታያላችሁ፤ ትርጉሙን በማዳመጫ ትሰማላችሁ። አማርኛ የለም፣ አትጠብቁ። ለእኔ ግን ከፊልሙ ይልቅ ሲመሽ ጥላው ውሃው ላይ አርፎ ሙሉ ዓይን ሲሆን ማየቱ ይበልጣል። እሱ ደግሞ በነፃ ነው።

ሦስቱን የሚያጠቃልል ትኬት አለ፤ ለየብቻ ከመግዛት ይረክሳል። እኛ ርካሹን አይተን ሦስቱንም በአንድ የነሐሴ ቀን አደረግናቸው። ጠዋት ዓሣ፣ ቀትር ላይ ሙዚየም። ፊልሙ ጋ ስንደርስ ልጁ ገና መብራቱ ሳይጠፋ እንቅልፍ ወሰደው፤ እኔም ብዙ አልቆየሁም። ጥፋቱ የራሳችን ነው። ሁለት ቀን ከሌላችሁ ይህን ትኬት አትንኩት። ካላችሁም በስንት ቀን ውስጥ መጠቀም እንዳለባችሁ ሳትከፍሉ እዩ።

በጋ ላይ ውሃና ኮፍያ ያዙ፤ ነጩ ወለል ፀሐዩን መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል። ጥላ ያማራችሁ እንደሆነ ኡምብራክሌ የሚባለው፣ ዘንባባ የተተከለበት መተላለፊያ አለ። ለፎቶ ብላችሁ ግን ሰማያዊውን መንገድ ፍለጋ አትድከሙ፤ የሚነጠፈው ለማራቶኑ ነው።