የተሰበረ ብሎን ለማውጣት፦ ጥምዝ ማውጫ፣ የግራ ፑንታ ወይስ የብየዳ ማሽን?

የማርሚታ (የሞተር ጭስ ማስወጫ) ብሎን ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ፊት ጋር እኩል ሆኖ ሲቆረጥ ፒንሳ የሚይዘው፣ ቁልፍም የሚገባበት ነገር አይቀርም። በግቢያቸው ጥግ ሞርሳና ትራፓኖ (የዕቃ መያዣና የመብሻ ማሽን) አኑረው የባጃጅ፣ የውኃ ፓምፕና የጄኔሬተር ሞተር የሚጠግኑ የጎንደር ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ቅዳሜ ገበያ ወርደው የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ጥምዝ የብሎን ማውጫ ነው። እኔ ግን ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ሰው በቅድሚያ የግራ ፑንታ፣ ማለትም ወደ ግራ እየዞረ የሚበሳ የትራፓኖ ጫፍ፣ እንዲገዛ እመክራለሁ፤ ምክንያቱ እንዲታይም ማውጫውን፣ የግራ ፑንታውንና የብየዳ ማሽኑን ጎን ለጎን አቀርባለሁ።

ከሦስቱ አንዱን ከመምረጥ በፊት ብሎኑ ለምን እንደ ተሰበረ ማጤን ያስፈልጋል። በንዝረት ብዛት ደክሞ የተቆረጠ፣ ወይም ሲታሰር ከልክ በላይ ተጠብቆ ጭንቅላቱ የወደቀ ብሎን በዝገት ስላልተያዘ ቀሪው አካሉ ብዙ ጊዜ ልል ነው፤ አንዳንዴም ጠርዙን በሾጣጣ መምቻ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ሲመቱት ሌላ መሣሪያ ሳያስፈልገው ይወጣል። ሊፈታ ሲል የተቆረጠ ግን ሌላ ነገር ነው። ረጅም ቁልፍ ያላነቃነቀውን፣ ይልቁንም ወፍራሙ አካሉ ራሱ ጉልበቱን መቋቋም አቅቶት የተበጠሰውን ብሎን፣ በመሀሉ የሚገባ ከእርሱ የቀጠነ ማውጫ ይፈታዋል ብሎ ተስፋ ማድረግ ስሕተት ነው።

የጥምዝ ማውጫ አሠራር ቀላል ነው። ብሎኑ መሀሉ ይበሳል፤ ሾጣጣው ማውጫ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ወደ ግራ ሲዞር ግድግዳውን እየነከሰ ይጠብቃል። ዋጋው ከሦስቱ ዝቅተኛ ነው፤ ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ በኋላም መብራት ቢጠፋ በእጅ ይሠራል። ጉዳቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሾጣጣ በመሆኑ ወደ ውስጥ በገባ መጠን የብሎኑን ግድግዳ ወደ ውጭ ይገፋና ቀድሞውኑ የተጣበቀውን ጥርስ ይበልጥ ያጣብቀዋል። ሁለተኛ፣ እንዲነክስ ተብሎ እጅግ የጠነከረ ብረት ስለሆነ ከመጣመም ይልቅ ይሰበራል፤ ውስጥ ከተሰበረም ተራ ፑንታ አይበሳውም። ይህ በራሴ ላይ ደርሷል። የጎረቤቴን የውኃ ፓምፕ ሞተር ስጠግን ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ውስጥ ማውጫ ሰበርኩ፤ ከዚያ በኋላ የቀረኝ መንገድ ቴስታታውን አውልቆ ቶርኖ ቤት መውሰድ ብቻ ነበር፤ እዚያም በካርባይድ መቁረጫ ቀስ በቀስ ተፈልፍሎ እስኪወጣ ከግማሽ ቀን በላይ ፈጀ። የጎረቤቴ ጎመንና ቃሪያ በዚያ ሳምንት ውኃ አጥቶ መጠውለጉ አሁንም ያሳዝነኛል። ማውጫ መግዛት የግድ ከሆነ፣ ጥምዙን ትቶ ቀጥ ያለ ባለ ጎድን የሆነውን መፈለግ ይሻላል፤ ግድግዳውን የሚገፋው በጣም ባነሰ ኃይል ነውና።

ተራ ፑንታ የሚቆርጠው ወደ ቀኝ እየዞረ ስለሆነ የተሰበረውን ብሎን ሲበሳ ወደ ውስጥ ሊያጠብቀው ይችላል። የግራ ፑንታ በተቃራኒው እየበሳ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ይገፋል፤ ሙቀትና ንዝረትም ስለሚጨምር ቀዳዳው ገና ሳያልቅ ፑንታው ነክሶት ብሎኑ አብሮ እየዞረ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ባይወጣ እንኳ የተበሳው ቀዳዳ ለማውጫም ሆነ ለሚቀጥለው ሰፊ ፑንታ ስለሚያገለግል ድካሙ ከንቱ አይቀርም። ይህን ጥቅም ከሌሎቹ በአንዱም አላገኘሁትም። ነገር ግን ትራፓኖው ወደ ግራም መዞር የሚችል መሆን አለበት፤ የብሎኑ ፊት በሞረድ ተስተካክሎ ማዕከሉ በሾጣጣ መምቻ ካልተመታ ፑንታው ተንሸራትቶ ከብሎኑ ይልቅ የሚለሰልሰውን አልሙኒየም ይበላል። ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን በ3 ሚሊ ሜትር ጀምሮ በ5 መከተል በቂ ነው። እኔ የገዛሁት ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ሲሆን፣ ብሎኑ እስኪሰበር ሳይጠበቅ አስቀድሞ ቢገዛ ይመረጣል።

ለክፉኛ የዛገ ብሎን ከሁሉም የሚበረታው ብየዳ ነው። በተሰበረው ጫፍ ላይ ዳዶ ተቀምጦ መሀሉ በኤሌክትሮድ ሲሞላ አዲስ ጭንቅላት ይበቅላል፤ ሙቀቱም ብሎኑን አስፍቶ ሲቀዘቅዝ መልሶ ስለሚሰበስበው የዝገቱ መያዣ ይሰነጠቃል። የብረት ብየዳ ከአልሙኒየም ቴስታታ ጋር አይጣበቅም፤ ሆኖም አልሙኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ፣ ብረት ግን ከ1400 ዲግሪ በላይ ስለሆነ እጁ ያልተለማመደ ሰው ቴስታታውን ሊያበላሽ ይችላል። ከ8 ሚሊ ሜትር በታች ለሆነ ብሎንም አስቸጋሪ ነው። ከመጀመር በፊት የባትሪው ገመድ መፈታት፣ የነዳጅ ታንከሩም መራቅ አለበት። ለብሎን ብቻ ተብሎ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ ለበርና ለመስኮት ሥራ ማሽኑ ያለው ሰው ግን ሌላ ምንም ሳይገዛ ከዚህ ይጀምር።

የትኛውም ቢመረጥ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭቶ ማሳደር አስፈላጊ ነው፤ ብሎኑ አልሙኒየም ውስጥ ከሆነም ዙሪያውን ማሞቅ ይረዳል፤ አልሙኒየም ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋልና።

ስለዚህ ትራፓኖ ብቻ ያለው የግራ ፑንታና ጥሩ መምቻ ይግዛ። ብየዳ የሚችል ሰው ደግሞ በዳዶ ጀምሮ የግራ ፑንታውን ለትንንሾቹ ብሎኖች ያስቀምጥ። ጥምዝ ማውጫ የሚገባው ልል መሆኑ ለተረጋገጠ ብሎን ብቻ ነው። ሦስቱም ካልሠሩ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ ሜትር የሆነው የ8 ሚሊ ሜትር ብሎን መሀል ለመሀል በ6.8 ሚሊ ሜትር ፑንታ ተበስቶ የቀረው ቅርፊት በመርፌ ተለቅሞ ይወጣል፤ የቀዳዳው ጥርስም በማስኪዮ (በጥርስ መቁረጫ) ይጸዳል።